ቤት በካሶኒ

ሳይቸግር ጤፍ ብድር ይላሉ፤ እኔ ግን ጤፉን ብቻ ሳይሆን ምጣዱንም ሞሰቡንም ነው የተበደርኩት። ቡናችሁን ያዙና አዳምጡኝ። መሀል ላይ ወጣ ብል አትታዘቡኝ፣ ዞሬ መመለሴ አይቀርም።

መቱ ውስጥ የምንኖርበትን ቤት አከራያችን በየዓመቱ ቡና ሲለቀም ጠብቆ ኪራይ ይጨምርብናል። ቡና ሲወደድ "ኑሮ ተወደደ" ብሎ ይጨምራል፤ ቡና ሲረክስ ደግሞ "ከሰርኩ" ብሎ ይጨምራል። በዚህ ስብከነከን ልጄ በስልኩ አንድ ፈረንጅ ያሳየኛል። ሰውየው ፒክአፕ መኪና ላይ ቤት ጭኖ ከበረሃ በረሃ እየዞረ ይኖራል። አልጋ አለው፣ ምድጃ አለው፣ ጣሪያው ላይ ሶላር አለው። አከራይ የለበት፣ የመብራት ሂሳብ የለበት፣ የውኃ ወረፋ የለበት! ጡረታዬ እየደረሰ ነው፣ ልጆቹም ራሳቸውን ችለዋል። ሌሊቱን ስገላበጥ አድሬ ሲነጋ ለሚስቴ ነገርኳት።

"አንተ ሰውዬ፣ ጤና የለህም እንዴ?" አለችኝ፤ እጇ ከሊጡ አልወጣም።

እኔም ታሪክ ጠቀስኩላት። አፄ ፋሲል በ1628 ዓ.ም. ጎንደርን እስኪቆረቁሩ ድረስ ነገሥታቱ አብዛኛውን ዘመናቸውን በድንኳን ከተማ እየተዘዋወሩ እንደገዙ አስታወስኳት። "እሱ ሩቅ ነው ካልሽ ደግሞ እዚሁ ጎረቤታችን ጎሬ አለልሽ። ጃንሆይ ሚያዝያ 1928 ዓ.ም. አዲስ አበባን ሲለቁ፣ የኢትዮጵያ መንግሥት የሚባለው ጓዙን ጠቅልሎ ያረፈው ጎሬ አይደለም ወይ? መንግሥት የቻለውን እኔ ያቅተኛል?"

"መንግሥቱንም ጣልያን መጥቶ በተነው" አለች። "ነገሥታቱም ቢሆኑ በደረሱበት ሁሉ ማርና ሰንጋ የሚያቀርብላቸው ባላገር ነበራቸው። ለአንተ ማር ማን ሊሰጥህ ነው?"

ይህችን የማር ነገር ያዙልኝ።

የዕድራችን ዳኛም ወሬውን ሰምተው ኖሮ መንገድ ላይ አስቆሙኝ። "ተባረክ፣ መንቀሳቀሱስ ጥሩ ነው" አሉኝና ትንሽ አሰብ አድርገው፣ "ግን ድንገት አንድ ነገር ብትሆን ድንኳኑን የት እንትከለው?" ብለው ጠየቁኝ። መልስ አልነበረኝም። ቀበሌ ሄጄ መታወቂያዬ ላይ በቤት ቁጥር ፋንታ የሰሌዳ ቁጥር ይጻፍ እንደሆነ ስጠይቅም ጸሐፊዋ ስቃ ስቃ እንባዋን ጠረገች። እኔ ግን የመረጥኩት መንገድ ለካ ማንም ያልደረሰበት ነው ብዬ ኩራት ቢጤ ተሰማኝ።

ከዚያ ወደ መኪና መረጣው። ደላላው ጠዋት ጠዋት ደጄ ይቆማል። መጀመሪያ ያሳየኝ ባለ ሁለት ጋቢናውን ሃይሉክስ ነው። ቆንጆ ነው፤ ካሶኒው ውስጥ ስጋደም ግን እግሬ ከጉልበቴ በታች ውጭ ቀረ። ቀጥሎ ባለ አንድ ጋቢናውን ላንድክሩዘር ፒክአፕ አመጣልኝ፣ ያንን ከ1977 ዓ.ም. ጀምሮ መልኩን ብዙም ሳይለውጥ የሚመረተውን። ስድስት ሲሊንደር፣ 4.2 ሊትር ናፍጣ ሞተር፣ ኮምፒውተር የሚባል ነገር የሌለበት፤ የትም ቢቆም መካኒክ በመፍቻ ያስነሳዋል። አራቱም ጎማ ይጎትታል። ልቤ ወደደው። ዋጋውን ስሰማ ግን የወደደው ልቤ ቀጥ ሊል ምንም አልቀረው። "ጋሼ፣ መንግሥት በ2016 የነዳጅ የቤት መኪና እንዳይገባ ከከለከለ ወዲህ እኮ አሮጌው ሁሉ ወርቅ ሆኗል" አለኝ ደላላው፣ ክልከላውን ራሱ ያወጣው ይመስል ደረቱን ነፍቶ።

ሰፈራችን አንድ ሽማግሌ ሹፌር አሉ። አስፋልት ባልነበረበት ዘመን ጎማቸው ላይ ሰንሰለት እየጠመጠሙ ከመቱ ጅማ ቡና ያመላለሱ ናቸው። እንዲመክሩኝ ሄድኩ። "ልጄ" አሉኝ፣ "ጭቃ የሚጠይቅህ ክብደትህን ነው። ዛፍ የሚጠይቅህ ቁመትህን ነው። ሁለቱን አሳንሰህ ከወጣህ ትመለሳለህ።" ቀጠሉና ሒሳቡን ነገሩኝ፦ ፒክአፕ ቢበዛ አሥር ኩንታል ቢችል ነው፤ አንድ በርሜል ውኃ 200 ሊትር ነው፣ 200 ሊትር ሁለት ኩንታል ነው፤ ገና አልጋና ድስት ሳይጫን፣ ገና ሚስትህ ሳትሳፈር። ራሴን እየነቀነቅኩ አዳመጥኳቸው፣ አመሰገንኳቸው፣ ወጣሁ። ምከረው ምከረው፣ እምቢ ካለ መከራ ይምከረው የሚባለው እንግዲህ ከዚህ በኋላ ነው።

ላንድክሩዘሩ ካልተቻለ አይሱዙ አለ አልኩ። የሚስቴ ወንድም አንዲት አሮጌ ኤንፒአር አለችው፤ ቡና ተጭኖ ካለቀ በኋላ እስከ ክረምት ድረስ ሥራ አይበዛባትም። "ጋሼ፣ መጀመሪያ አንድ ሌሊት ሞክራት። የምነዳት ግን እኔ ነኝ" አለኝ። በዕቁቤ ገንዘብ ካሶኒዋ ላይ የሚቀመጥ ሳጥን ላሠራ በያጅ ዘንድ ሄድኩ። በያጁ ጎበዝ ነው፤ ዕድሜውን ሙሉ የሠራው ግን የሱቅ በርና የእህል ጎተራ ነው። አንግል ብረቱን በያይዶ፣ ላሜራ አልብሶ፣ ውስጡን በኮምፐልሳቶ ለብዶ ሲያስረክበኝ ሳጥኔ ለሌባ የሚደፈር አልነበረም። መቀርቀሪያውን በውጭ በኩል ነበር የገጠመው። እኔ ደግሞ ይህንን አይቼ "ጠንካራ ነው" ብዬ አደነቅኩት።

ሁለት ነገር ግን በራሴ ሐሳብ አስጨመርኩ። አንደኛው ጣሪያው ላይ የሚከፈት መስኮት ነው፤ በጀርባዬ ተኝቼ ኮከብ ላይበት። ሁለተኛው ከመስኮቱ ጎን ከፍ ብሎ የተበየደ የሶላር መደርደሪያ። እስቲ ፍረዱኝ፤ ያለሁት ኢሉባቦር ነው። ጎሬ ላይ በዓመት ወደ 2,000 ሚሊ ሜትር የሚጠጋ ዝናብ ይወርዳል፤ እኛ ጋ ኮከብ ማለት ደመናው ሲዘናጋ የሚታይ እንግዳ ነው፣ ፀሐይዋም ብትሆን ከእሱ ብዙ አትሻልም። ደግሞ ከመብራት መስመር ውጭ መኖር ለእኔ አዲስ መሆኑ ነው? ሶር ወንዝ ላይ 5 ሜጋ ዋት የሚያመነጭ ጣቢያ አለ፤ የአገሪቱ ዋና መስመር ሳይደርሰን መቱና አካባቢዋ ለዓመታት ሲበሩ የኖሩት ከዚያው ነው። እኔ ዕቁቤን ከስክሼ የማመልጠውን መስመር አገሬ ያለ እሱ ኖራ ታውቀዋለች።

ፕሮግራሜም ተጽፎ ተሰቅሏል፦ በጋውን ያዩ፣ በ2002 ዓ.ም. ዩኔስኮ የመዘገበው የጫካ ቡና አገር ዳር፣ ጉሬዛ እያየሁ፤ ሲበርደኝ በጎሬና በቡሬ አድርጌ ወደ ጋምቤላ ሙቀት መውረድ፤ ናፍጣ ከበደሌ። ለሙከራው ሌሊት ግን የሶር ፏፏቴን መረጥኩ። ከመቱ ሩቅ አይደለም፤ በበቻኖ በኩል የጫካ መንገድ ነው።

ሚያዝያ ነበር፣ ዝናቡ ገብቷል። አስፋልቱን ስንለቅ የሚስቴን ወንድም አስቆምኩትና "እኔ ከኋላ፣ ከቤቴ ሆኜ ነው የምሄደው" አልኩት። አልጋዬ ላይ ጋደም አልኩ። እሱ በሩን ዘጋ፤ ሹፌር ነውና በልማዱ መቀርቀሪያውንም ወረወረው። ጋቢናው ውስጥ ሙዚቃ ከፈተና ተነሳን። ሳጥኑ ይወዛወዛል፣ በርሜሉ ይንቦጫቦጫል፣ እኔ በጀርባዬ ተኝቼ በጣሪያዬ መስኮት ቅጠል ሲያልፍ አያለሁ። እውነቱን ልንገራችሁ፣ ያቺን ሩብ ሰዓት የሚያህል ጊዜ ንጉሥ ነበርኩ።

የአገራችንን ቀፎ ታውቁታላችሁ፤ ረጅም፣ ድቡልቡል፣ በቅጠልና በልጥ የተጠቀለለ፣ ዛፍ ላይ የሚሰቀል። የጫካ ንብ እርባታ እዚህ የዋዛ ነገር አይደለም። በተለይ የገተማ አበባ በፈካበት ወር ሰው ቀፎውን እያጠነ፣ እየወጣ፣ እየሰቀለ ነው የሚከርመው። መንገዱ ላይ ካዘነበለ አንድ ዛፍ ሐረግ ወርዶ ነበር መሰለኝ፣ የሶላሬ መደርደሪያ ያዘው። አይሱዙዋ ጎተተች፣ ሐረጉ ቅርንጫፉን ጎተተ፣ ቅርንጫፉ ተንቋቋ። በመስኮቴ ሰማይ ፋንታ አንድ ጥቁር ነገር ሲመጣ አየሁ። "ምንድን ነው?" ብዬ ሳልጨርስ ቀፎው ጣሪያው ላይ ወድቆ ተሰነጠቀና ግማሹ ከነእንጀራው ሆዴ ላይ አረፈ።

የንቡን ድምፅ አልነግራችሁም። ጋቢዬን ተከናንቤ በሩን ገፋሁ፤ በሩ የእህል ጎተራ በር ነው። ደበደብኩ። የሚስቴ ወንድም ድብደባውን ሰምቷል፤ በኋላ እንደነገረኝ ግን "ጋሼ ዕቃ እያስተካከለ ነው" ብሎ የሙዚቃውን ድምፅ ጨመረ። አልጋው ስር ገባሁ፣ ንቦቹም ገቡ። ትዝ ሲለኝ በርሜሉን ከፍቼ ጋቢዬን በውኃ ነከርኩት፤ በርሜሉን መልሼ ልከድን ግን አልቻልኩም፤ ቤቴ ኩሬ ሆነ። ያዳነኝ ጭቃው ነው። ሽማግሌው እንዳሉት ጭቃ ክብደቴን ጠየቀ፤ የኋላ ጎማዎቹ እስከ ዲፈረንሻላቸው ሰመጡና መኪናዋ ቆመች። ሙዚቃው ሲጠፋ ጩኸቴ ተሰማ። የሚስቴ ወንድም ሮጦ መጥቶ በሩን ከፈተ፣ ንቦቹን አየ፣ መልሶ ዘጋው።

አልፈርድበትም። እኔም ብሆን እዘጋው ነበር።

ያወጡኝ የአካባቢው ገበሬዎች ናቸው፤ እርጥብ ቅጠል አጭሰው፣ ቀስ ብለው፣ እየሳቁ። አንድ ዓይኔ ተዘግቷል፤ ከንፈሬ እንደ ድፎ ዳቦ ኩፍ ብሏል። የቀፎው ባለቤት ሽማግሌ ናቸው፤ ቀና ብለው ሳጥኑን አዩት፣ ሶላሩን አዩት፣ እኔን አዩኝ። "ኦቦ፣ ይሄ ምን የሚጭን መኪና ነው?" አሉ። "ቤቴ ነው" አልኩ ባበጠ አፌ። "ታዲያ ቤት ከሆነ ምን ያዞረዋል?"

ዝናቡ ስላየለ መኪናዋን ለማውጣት በሬ እስኪመጣ መንጋት ነበረበት። ያን ሌሊት ያደርኩት ባለ ቀፎው ሽማግሌ ቤት፣ መደብ ላይ፣ በደረቅ ቡልኮ ተጠቅልዬ ነው። የቤቱ እመቤት ፍሬ ቡና በቅቤ ጠብሰው ቡና ቀላ አቀረቡልኝ፤ ማኘክ ስላልቻልኩ እየታዘብኩት ቀረ። ማርም ቀረበ፤ ከዚያው ከተሰበረው ቀፎ። ከንፈሬ አልከፈት ብሎ የልጅ ልጃቸው በማንኪያ ጫፍ አጎረሰችኝ። ሲነጋ ሽማግሌዎች ዋርካ ሥር ተቀምጠው ፈረዱ፦ የቀፎው ዋጋና የሚቀጥለው ቆረጣ ማር። ከዕቁቡ የተረፈው እዚያው አለቀ።

መቱ የገባነው በገበያ ቀን ነው። ጋቢና ውስጥ ብቀመጥም ፊቴን የምሸፍንበት ጋቢ እርጥብ ነበር። ከዚያ ወዲያ ሰፈሩ በስሜ ጠርቶኝ አያውቅም፤ አባ ቀፎ ሆኛለሁ። ሚስቴ እብጠቴን በሞቀ ውኃ እያሸች አንድ ነገር ብቻ ጠየቀችኝ፦ "ማሩን ግን ማን ሰጠህ?"

እንግዲህ መኪና ላይ ቤት ጭናችሁ ኢሉባቦርን ልትዞሩ ካሰባችሁ፣ ባለ አራት ጎማ ጎታች፣ ቀላልና አጭር ነገር ምረጡ። ውኃችሁን በኩንታል አስሉ፣ ጣሪያችሁን አትብሱ፣ መቀርቀሪያውን በውስጥ በኩል አስገጥሙ፤ ከማደራችሁም በፊት ከራሳችሁ በላይ ያለው ዛፍ የማን እንደሆነ ጠይቁ። ቤቱ ራሱ ቢቸግራችሁ ደግሞ ሳጥኔ ለሽያጭ ቀርቧል፤ ማር ማር ይሸታል እንጂ ብየዳው ጠንካራ ነው። በርሜሉን ግን አትጠይቁኝ፤ ሚስቴ ለጠላ ወስዳዋለች።