የማደሻ ቀንን በወጉ ማሳለፊያ

የሚታደስ ነገር የሌለው ሰው ዛሬ የለም። የኢንተርኔት ጥቅል ያልቃል፣ የዲሽ ክፍያ ያልቃል፤ ቦሎው፣ መድኑ፣ መንጃ ፈቃዱ፣ ፓስፖርቱ፣ ንግድ ፈቃዱ ሁሉም ተራ ጠብቆ ያልቃል። እነዚህን ሁሉ በጊዜያቸው የሚያድሱ ሰዎች እንዳሉ ሰምቻለሁ። ይህ ምክር ለእነሱ አይደለም። ቀኑ ካለፈ በኋላ «ውይ!» ብሎ ግንባሩን መምታት ለሚወድ፣ ግን ዘዴው ለቸገረው ሰው ነው። በሙያው የብዙ ዓመት ልምድ ስላለኝ ሳልሰስት አካፍላለሁ።

ከሁሉ በፊት ቀኑን የትም አይጻፉ። «ይሄማ አይረሳም» ማለት ይበቃል። መጻፍ ግድ ከሆነብዎ ደረሰኝ ጀርባ ላይ ይጻፉና ደረሰኙን በብርድ ጊዜ ብቻ የሚለብሱት ኮት ኪስ ውስጥ ይክተቱት። ኮቱ የሚወጣው ሐምሌ ላይ ነው፤ ቀኑ ግንቦት ነበር። ግድግዳዎ ላይ የተሰቀለውን የቀን መቁጠሪያም ጾም መግቢያና በዓል ለማየት ካልሆነ አይጠጉት። እስክሪብቶ ከነካው ተበላሸ ማለት ነው።

አገልግሎት ሰጪዎች ቀኑ ሲቃረብ አጭር መልእክት የመላክ ክፉ አመል አላቸው። መድኃኒቱ ቀላል ነው። ሲመዘገቡ ስልኩን የሚነካካልዎት የእህትዎ ልጅ የራሱን ቁጥር እንዲያስገባ ይተዉት። ከዚያ በኋላ «አገልግሎትዎ ነገ ያበቃል» የሚለው መልእክት ጅማ ለሚማረው ልጅ ይደርሳል። ልጁ ጨዋ ስለሆነ የሰው መልእክት አያነብም። እርስዎ ግን ቅዳሜ ማታ ጎረቤት ሰብስበው፣ ቡና አስፈልተው፣ ኳሱ ሊጀመር ሲል ጥቁር ስክሪን ያያሉ።

ነጋዴ ከሆኑ ዕድለኛ ነዎት። ንግድ ፈቃድ ያለ ቅጣት የሚታደሰው ከሐምሌ 1 እስከ ታኅሣሥ 30 ነው፤ ጳጉሜን ሲጨምሩበት 185 ቀን። ይህን ሁሉ ቀን ማሳለፍ ብርታት ይጠይቃል። ሐምሌ ዝናብ ነው፣ በዝናብ ማን ይወጣል? ነሐሴ ፍልሰታ ነው። መስከረም የልጆች ትምህርት ቤት ክፍያ አለ። ጥቅምትና ኅዳር ላይ «ገና ነው» ይበሉ። «ገና ነው፣ ገና ነው» ሲሉ እውነትም ገና ይደርሳል፤ ታኅሣሥ 29 ይውላል (በዘመነ ዮሐንስ 28)፣ ቢሮ ዝግ ነው። እንግዲህ የቀረችው ታኅሣሥ 30 ናት። የግብር ክሊራንሱንም ለዚያችው ቀን ያቆዩት፤ ሁለት ቢሮ በአንድ ቀን መሮጥ ዶሮ ወጡን ያንሸራሽራል። እዚያ ሲደርሱ እንደ እርስዎ የሚያስብ ሕዝብ ሁሉ ተሰልፎ ያገኙታል። ወደ ምሳ ሰዓት ግድም ሠራተኛዋ ከመስታወቱ ጀርባ ቀና ብላ «ሲስተም የለም» ትላለች። በኦንላይን ማደስ ይቻላል የሚልዎት ሰው ቢመጣ አይከራከሩት። ጥቅልዎ ትናንት አልቋል።

እስካሁን የነገርኩዎት ባለማደስ የሚቀጡበት ነው። በማደስ መቀጣትም ይቻላል። «የመጀመሪያው ወር ነጻ» የሚል የፊልም አገልግሎት ይፈልጉና ቨርጂኒያ ያለችውን የአክስትዎን ልጅ የካርድ ቁጥር ያስገቡ። ነጻው ወር ሲያልቅ የሚጠይቅዎት የለም፤ ካርዱ ራሱ ይከፍላል። አንድ ፊልም ግማሽ አይተው ሲሰለችዎ አፑን ከስልክዎ ያጥፉትና እፎይ ይበሉ። አፕ ማጥፋት ውል ማፍረስ አይደለም፤ ክፍያው በየወሩ ይቀጥላል። ከአምስት ወር በኋላ ልጅቷ ትደውላለች። ስለ እናትዎ ጤና፣ ስለ ዝናቡ፣ ስለ ኑሮው ከጠየቀች በኋላ፣ «ጋሼ፣ ይቺ በየወሩ ከካርዴ የምትቆረጠው ምንድን ናት?» ትላለች። «አጥፍቼው የለም እንዴ!» ይበሏት። ለዚያ ወር ከእሷ ሌላ ነገር አይጠይቁ።

ከሁሉ የሚልቀው ረዳትዎ ግን የቀን አቆጣጠራችን ነው። ሌላው ሕዝብ ቀን ለመሳት ይለፋል፤ እኛ ሁለት ዘመን፣ ሁለት ሰዓትና አንድ ጳጉሜ አለን። የ30 ቀን ጥቅል ነሐሴ 15 ቢገዙ መቼ ያልቃል? «ወር አይደል፣ መስከረም 15» ይበሉ። ጥቅሉ ግን መስከረም 10 ላይ፣ ጳጉሜ 6 ስትሆን ደግሞ መስከረም 9 ላይ ያልቃል። አከራይ እንኳ ለጳጉሜ ኪራይ አይጠይቅም፤ ጥቅል ግን ጳጉሜን አይምርም። የፈረንጅ አፕ «12፡00 AM ላይ ያበቃል» ካለዎት ንጋት ነው ብለው ይተኙ፤ የእሱ 12 የእኛ ከሌሊቱ 6 ሰዓት ነው። ፓስፖርት ላይ የተጻፈውን ዘመን ወደ እኛ ሲመልሱም ምንጊዜም 7 ይቀንሱ። ከፈረንጆች አዲስ ዓመት እስከ መስከረም የሚቀነሰው 8 መሆኑን ከረሱ አንድ ሙሉ ዓመት ያተርፋሉ። ብዙ አገሮች ደግሞ ፓስፖርቱ ሊያልቅ ቢያንስ 6 ወር እንዲቀረው ይፈልጋሉ። ይህንንም ኤርፖርት ሲደርሱ ይሰሙታል።

ወደ ራሴ ልምጣ። አምና የሦስተኛ ወገን መድን ስገዛ ጸሐፊው ማብቂያውን «05/01/18» ብሎ በእጁ ጻፈልኝ። እንደ ጥሩ ቅኔ አራት መንገድ ይፈታል። በእኛ አቆጣጠር ቀኑ ከቀደመ መስከረም 5 ነው፤ ወሩ ከቀደመ ጥር 1። በፈረንጅ ከሆነ ወይ ታኅሣሥ 27 ቀን 2010፣ ወይ ሚያዝያ 23 ቀን 2010፤ በሁለቱም ወረቀቱ ሳይወለድ ሞቷል ማለት ነው። በእንዲህ ያለ ጊዜ ሁልጊዜ የሚርቀውን ይምረጡ። እኔ ጥር 1ን መረጥሁ።

ኅዳር ላይ አንድ ትራፊክ ፖሊስ አስቆመኝ። «መንጃ ፈቃድ፣ ሊብሬ፣ መድን።» ሰጠሁት። መድኑን ገልበጥ አድርጎ አየው።

«ጋሼ፣ ይሄ እኮ አልፏል።»

«የለም፣ እስከ ጥር ነው።»

«ጥር የታለ እዚህ ላይ?»

«አምስተኛው ወር ጥር አይደል?»

ልጁ በጣቱ ቆጠረ፤ መስከረም፣ ጥቅምት፣ ኅዳር፣ ታኅሣሥ፣ ጥር። «ልክ ነዎት፣ አምስተኛው ጥር ነው» አለኝ። ደስ አለኝ። «ግን የሚቀድመው ቀን ነው» ብሎ መጻፍ ጀመረ። በ2005 የወጣው አዋጅ ቁጥር 799 ያለ ሦስተኛ ወገን መድን መኪና መንገድ ላይ መንዳትን ይከለክላል፤ ስለ ቅኔ አፈታት የሚለው ነገር የለም።

በማግስቱ ሄጄ አሳደስሁ። ያው ጸሐፊ በዚያው እስክሪብቶ ሞላልኝ። አዲሱ ወረቀት ላይም ወሩ በቁጥር ነው የተጻፈው፤ በፊደል ጻፍልኝ አላልሁትም።