የእንጅባራው ማርቸዲስ፦ በሥራ ላይ ስላለ ማዕረግ የቀረበ ጥናት

በአዊ ብሔረሰብ አስተዳደር ዞን የሚገኙ ባለ ሞተር ተሽከርካሪዎች በሁለት ይከፈላሉ፤ የሚሄዱና የሚከበሩ። ባጃጁ፣ አይሱዙውና ባሕር ዳር የሚመላለሰው ሚኒባስ ከመጀመሪያው ወገን ስለሆኑ የእነሱ ነገር ለትራፊክ ፖሊስ ተትቷል። ይህ ጥናት የሚመለከተው ሁለተኛውን ወገን ነው፤ ይኸውም በደጉ ዘመን ባለሥልጣን ወይም ትልቅ ነጋዴ ከኋላ ወንበሩ ተቀምጦ ይሄድበት የነበረውን፣ ዛሬ ደግሞ ከጋራዥ ግቢ ባሕር ዛፍ ሥር ሆኖ አላፊ አግዳሚውን በአንድ የፊት መብራት የሚመለከተውን አሮጌ ማርቸዲስ።

የጥናቱ ወሰንና ዘዴ

ጥናቱ ከእንጅባራ ተነስቶ በአዲስ ቅዳም በኩል እስከ ዳንግላ ያለውን 40 ኪሎ ሜትር ገደማ የሚሆን መንገድ ይሸፍናል። ናሙናው አንድ መኪና ነው። የናሙናው ማነስ ከገምጋሚዎች ጥያቄ ሊያስነሳ ይችላል፤ ሆኖም መኪናው የስድስት ሰባት መኪና አካል በላዩ የያዘ በመሆኑ ውጤቱን ለሌሎች ለማጠቃለል የሚያሰጋ ነገር አልተገኘም።

ናሙናው ደብልዩ 123 በሚል መለያ ከሚታወቀው ትውልድ ነው። ይህ ትውልድ እ.ኤ.አ. ከ1976 ጀምሮ ለአሥር ዓመት ያህል ሲመረት ቆይቶ ቁጥሩ 2.7 ሚሊዮን ገደማ ደርሷል። በጀርመን አገር ብዙዎቹ ታክሲ ሆነው ኖረዋል፤ ይህ መረጃ ለባለንብረቱ አልተነገራቸውም።

ቁልፍ መረጃ ሰጪዎቹ መካኒኩ፣ የመኪና ኤሌትሪክ ሠራተኛው፣ ጎሚስታውና ከጋራዡ በር ላይ ያለ ደመወዝ በቋሚነት የሚቀመጡ አማካሪዎች ናቸው። ባለንብረቱ ከመረጃ ሰጪነት የተገለሉት ስለ ወጪ ሲጠየቁ ስለ ዝናቡ ማውራት ስለሚጀምሩ ነው። በእንጅባራ ደግሞ ስለ ዝናብ ከተጀመረ ወሬው በቀላሉ አያልቅም።

የቀደሙ ሥራዎች ዳሰሳ

በአገራችን የሰው ደረጃ በሚቀመጥበት መኪና እንደሚለካ መንግሥት ራሱ በተግባር አሳይቷል። መስከረም 2 ቀን 1967 ዓ.ም ደርግ ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴን ከዙፋን ሲያወርድ ከቤተ መንግሥት ይዟቸው የወጣው በቮልስዋገን ነበር። ከሥልጣን መውረዳቸው በአዋጅ ተነገረ፤ ለተመልካቹ ግን ነገሩን ጠቅልላ ያስረዳችው ያቺ ትንሽ መኪና ናት። ከዚህ የሚከተለው ግልጽ ነው፤ መኪና ሰውን የሚሽር ከሆነ ሊሾምም ይችላል። የጥናታችን ባለንብረት ሹመታቸውን ያገኙት በዚሁ መንገድ ሲሆን፣ ጡረታ እንዳይወጡ የሚያደርጋቸው መካኒኩ ነው።

ግኝት አንድ፦ ስለ ጠፉት ፈረሶች

ናሙናው የያዘው 240 የተባለው የናፍጣ ሞተር መጀመሪያ ሲሠራ 65 የፈረስ ጉልበት ነበረው። ፈረሶቹ የተቆጠሩት ግን ቆላ ላይ ነው። ተርቦ የሌለው ሞተር ከባሕር ወለል 1000 ሜትር ከፍ ባለ ቁጥር አየር እየሳሳበት ከጉልበቱ አንድ አሥረኛ ያህሉን ያጣል። እንጅባራ ከ2500 ሜትር በላይ ላይ ስለተቀመጠች ከ65ቱ ፈረሶች 16 ያህሉ ከተማዋ ሳይደርሱ መንገድ ላይ ቀርተዋል ማለት ነው። መኪናው 2100 ሜትር ግድም ወዳለችው ዳንግላ ሲወርድ ሁለት ሦስቱ ይመለሳሉ፤ ወደ እንጅባራ ሲወጣ መልሰው ይጠፋሉ።

ይህ ሌላ ቦታ ቢሆን ቸል ሊባል ይችል ነበር። የአገው ፈረሰኞች ማኅበር በ1932 ዓ.ም ተመሥርቶ በየዓመቱ ጥር 23 ቀን በዓሉን በሚያከብርበት፣ ፈረስ በስምና በጠባዩ በሚታወቅበት አገር ይህን ያህል ፈረስ ጠፍቶ የፈለገ ሰው አለመኖሩ ግን አጥኚውን አስገርሞታል።

ግኝት ሁለት፦ ስለ ማለዳ

የእንጅባራ ጠዋት ብርድ ለናፍጣ ሞተር አይመችም። ሞተሩ ከመነሳቱ በፊት ካንዴሌታዎቹ መጋል አለባቸው። በቀድሞዎቹ ሞዴሎች አራቱ ካንዴሌታዎች በአንድ መስመር ተከታትለው የተያያዙ ስለነበሩ አንዷ ስትቃጠል ሦስቱም አብረው ሥራ ያቆማሉ። በከተማዋ እንዲህ ያለ ኅብረት ያለው ሌላ የሠራተኛ ማኅበር አልተመዘገበም።

ባለንብረቱ ለዚህ ያበጁት መፍትሔ መኪናውን ቁልቁለት ላይ ማሳደር ነው። ሲነጋ የሰፈሩ ወጣቶች ይጠራሉ። ገፊዎቹ ክፍያ አይጠይቁም፤ ማርቸዲስ መግፋትና ባጃጅ መግፋት አንድ እንዳልሆነ ያውቃሉ።

ግኝት ሦስት፦ ስለ መቆም

ይህን መኪና ከሌሎቹ የሚለየው ዋና ነገር ማስነሳቱ ብቻ ሳይሆን ማጥፋቱም ሙያ የሚጠይቅ መሆኑ ነው። የናፍጣው ሞተር ቁልፍ ሲዞር የሚጠፋው በመምጠጥ ኃይል ነው። ሞተሩ የሚያዞራት ፓምፕ ከቀጫጭን ቱቦዎች ውስጥ አየር ትመጥጣለች፤ ቁልፉ ሲዘጋ ይኸው መምጠጥ ወደ ናፍጣ ፖምፓው ደርሶ ናፍጣውን ያቋርጣል። አራቱን በር በአንዴ የሚቆልፈው ሥርዓትም ከዚያው መስመር ላይ ተቀጥሏል። በመሆኑም የኋላ በር ውስጥ ያለች አንዲት የላስቲክ ሽፋን ከተቀደደች አየር ታሾልካለች፣ ሞተሩም አልጠፋም ይላል። በር ተበላሽቶ ሞተር የማይቆምበትን ምክንያት ለባለንብረቱ ማስረዳት ለመካኒኩ ከጥገናው ይልቅ ይከብደዋል።

ይህ ግኝት በአንድ የጥር ሠርግ ላይ በመስክ ምልከታ ተረጋግጧል። ማርቸዲሱ በአበባና በሪባን ተሸልሞ ሙሽሮቹን ይዞ ከዳሱ በር ደረሰ። በፈረስ አጅበው የመጡት ዘመዶች ልጓም ስበው ቆሙ። ሾፌሩም ቁልፉን ነቅሎ ኪሱ ከተተ። ሞተሩ ቀጠለ። ለምርቃት የተነሱት ሽማግሌ እጃቸውን እንደዘረጉ ጥቂት ጠበቁና፦

«ልጄ፣ ገና የምንሄድበት አለ እንዴ?» አሉ።

«የለም አባባ፣ ደርሰናል። እሱ ነው ያልሰማው።»

ሾፌሩ ወርዶ ኮፈኖውን ከፈተ፤ ሪባኑ ተበጠሰ። ከሞተሩ ጎን «ስቶፕ» ተብሎ የተጻፈባትን ማንሻ ተጫነ፤ ያኔ ጸጥ አለ። ማንሻዋ ከፋብሪካ የተገጠመች ናት። ጀርመኖች ይህን ሠርግ አስቀድመው ማሰባቸው ለምህንድስናቸው ትልቅ ምስክር ሆኖ ተወስዷል።

ግኝት አራት፦ ስለ መለዋወጫ የዘር ሐረግ

የመለዋወጫ ዕቃ አራት ዓይነት ነው። ኦርጅናል፣ በንግግር ውስጥ ብቻ የሚገኝ፤ የተፈታ፣ ከሞተ ዘመዱ የተወረሰ፤ የቻይና፣ መልኩ ያው ሆኖ ዕድሜው የሚለይ፤ እና «ይስማማዋል» የሚባል፣ ፈጽሞ ከሌላ መኪና የመጣ።

ዕቃው ከዞኑ ሲጠፋ ፎቶው አዲስ አበባ መርካቶ፣ ሶማሌ ተራ ላለ ሰው በስልክ ይላካል። ዕቃው የዓባይን በረሃ ወርዶና ወጥቶ፣ 450 ኪሎ ሜትር ያህል በአውቶቡስ ተጉዞ ይደርሳል። የግራው ታዝዞ ከሆነ የቀኙ ይመጣል። የቀኙ ይስማማው እንደሆነ ይሞከራል። ከኮፈኖው ጫፍ ላይ የምትቆመው ባለ ሦስት ጨረር ኮከብ ግን ሁልጊዜ ሶማሌ ተራ ትገኛለች፤ ኮከቢቱ ከየት እንደምትመጣ የጠየቀ ገዢ የለም፤ የጠፋችበት ሁሉ ያውቀዋልና።

ከሶማሌ ተራ የማይገኘው እዚሁ ይሠራል። መካኒኩ ወፍራም ወረቀት ከብረቱ አፍ ላይ ያነጥፍና በመዶሻ ጠርዙን ቀስ እያለ ዙሪያውን ይመታል። ብረቱ ራሱ ወረቀቱን እየቆረጠ የብሎን ቀዳዳዎቹን ሳይቀር ያወጣቸዋል። በግሪስ ይቀባውና ይገጥመዋል። ጓርኒሲዮን የሚባለው ይህ ነው፤ ዘይት ማንጠብጠቡ ሲቀንስ ሥራው እንደተሳካ ይቆጠራል፤ ሙሉ በሙሉ ሲያቆም ግን ዘይቱ ስላለቀ ሊሆን ስለሚችል መታየት አለበት።

በዚህ አካሄድ ዲናሞው ከቶዮታ፣ ራዲያተሩ ከአይሱዙ፣ የኋላ ወንበሩ ሽፋን ደግሞ ከዳንግላ ልብስ ሰፊ መጥቷል። ሆኖም በከተማው ውስጥ «ያ ቶዮታ» ብሎ የጠራው አንድም ሰው አልተገኘም። ማዕረግ ከአካል ተለይቶ እንደሚኖር ከዚህ በላይ ማስረጃ አያስፈልግም፤ ጥገናውም የሚደረገው ለማዕረጉ ነው። ፍሬኑ ተራውን ጠብቆ ሲበጅ ኮከቢቱ ግን በጠፋች ማግሥት ትተካለች።

ግኝት አምስት፦ ስለ ዋጋ

የሒሳብ ሙያ ማንኛውም ተሽከርካሪ በየዓመቱ ዋጋው በእርጅና ይቀንሳል ብሎ ያስተምራል። ይህ ትምህርት በእንጅባራ አልሠራም። በ2012 ዓ.ም የወጣው የኤክሳይዝ ታክስ አዋጅ ቁጥር 1186 ወደ አገር በሚገቡ አሮጌ መኪኖች ላይ እስከ 500 በመቶ ታክስ ጣለ። በ2016 ዓ.ም ደግሞ ከኤሌክትሪክ በቀር አውቶሞቢል እንዳይገባ ተወሰነ። የመንግሥት ዓላማ አሮጌው እየቀረ አዲሱ እንዲመጣ ነበር። አሮጌው መምጣቱን አቆመ፤ ቀድሞ የገባው ግን መሄጃ አጣ፣ ዋጋውም ተወደደ። ከዚያ በፊት በአገራችን ቆሞ የሚያተርፍ ንብረት መሬት ብቻ ነበር።

ስለዚህ ባለንብረቱ መኪናውን ባላስነሱት መጠን ያተርፋሉ፣ ባስነሱት መጠን ይከስራሉ። ቤተሰቡ ይህን ስሌት ካወቀ ወዲህ ወደ ዳንግላ ለቅሶ ሲኬድ በሚኒባስ ነው።

መደምደሚያና ምክረ ሐሳብ

ከተገኘው ማስረጃ ተነስቶ ጥናቱ የሚከተለውን ይመክራል። ባለንብረቱ ዋጋው ጥሩ በሆነበት በአሁኑ ወቅት መኪናውን እንዲሸጡት ይመከራል። የትኛውም ገዢ ግን፣ ከላይ የተዘረዘሩትን ግኝቶች አንብቦ፣ እንዳይገዛው በጥብቅ ይመከራል። ሁለቱን ምክሮች በአንድ ጊዜ መፈጸም የማይቻል በመሆኑ ጥገናው እንዲቀጥል ተወስኗል፤ መካኒኩም በዚህ ውሳኔ ተስማምቷል።