ከጥርሴ ራጄ በለጠ

ሰው በስተርጅናው የሚመኘው ፎቶ ቢኖር የልጅ ልጁ ምርቃት ላይ ነጠላውን አጣፍቶ የሚነሳው ነው። እኔን ግን እዚህ አሜሪካ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ ልጄ ዘንድ ከመጣሁ ወዲህ ተግቶ ፎቶ የሚያነሳኝ የጥርስ ክሊኒክ ብቻ ሆኗል። ያውም ፊቴን አይደለም፣ መንጋጋዬን። በቀኝ፣ በግራ፣ ከላይ፣ ከታች፣ ዙሪያውን። ለሠርጌ እንኳ እንዲህ አልተነሳሁም።

እኛ የወይራ መፋቂያ አኝከን ያደግን ሰዎች ነን። ጥርስ ሲያመን ቅርንፉድ እንይዝበታለን፤ አልመለስ ካለ ሐኪም ዘንድ እንሄዳለን። ሐኪሙ «አፍህን ክፈት» ይላል፣ ያያል፣ «ይቺ ናት» ይላል፣ ይነቅላታል። አለቀ። ዛሬ መጀመሪያ ወረቀት ያስፈርሙኛል፤ ከወረቀቱ ቀጥሎ ራጅ፤ ሐኪሟ የምትመጣው ከዚያ በኋላ ነው። የሚያናድደኝ ይሄ ቅደም ተከተል ነው። አፌን ሳያዩ ምኑን ፍለጋ ነው የሚያነሱት? ላም ባልዋለበት ኩበት ለቀማ ይሉሃል ይሄ ነው!

ራጁ አንድ ዓይነት ብቻ ቢሆን እንኳ በቻልኩት። ባይትዊንግ የሚሉት አለ፤ ነክሰው የሚነሱት ነው። በጥርስና በጥርስ መካከል ተደብቆ የሚቦረቡረውን፣ ጥርሱን የያዘው አጥንትም ወርዶ እንደሆነ ያሳያል። ፔሪኤፒካል የሚሉት ደግሞ አንዱን ጥርስ ከአናቱ እስከ ሥሩ ጫፍ ያወጣዋል፤ ሥሩ ላይ መግል ቋጥሮ እንደሆነ የሚታወቀው በሱ ነው። ሁለቱን አንድ ላይ ሲያነሱት ፉል ማውዝ ይባላል፤ እዚህ አገር ብዙውን ጊዜ 18 ያህል ምስል ነው። 18! የኔ ጥርሶች ሁሉም ተጠርተው ቢሰለፉ እዚያ መድረሳቸውን እንጃ።

የምታነሳኝ የአገሬ ልጅ ናት፤ ጨዋ ናት፣ እግዜር ይባርካት። ጨዋነቷ ግን ከሰንሰሩ አያድነኝም። ሰንሰር የምትለው የማይታጠፍ ጠፍጣፋ ነገር ነው፣ ከኋላው ሽቦ ተቀጥሎበታል። ላስቲክ ታለብሰውና ከምላሴ ሥር ትሰነቅረዋለች። ጠርዙ ከታችኛው መንጋጋዬ በውስጥ በኩል ያለውን ስስ ሥጋ ሲያገኘው ዓይኔ እንባ ያቀራል።

«ቀስ ብለው ይንከሱልኝ ጋሼ። በአፍንጫዎ ይተንፍሱ። እንዳይነቃነቁ፣ መጣሁ!»

«መጣሁ» ብላ ትሄዳለች! ከግድግዳው ጀርባ ትደበቅና ቁልፉን ትጫናለች። አፌ ነፃ ሲወጣ ጠየቅኳት።

«ልጄ፣ ምንም አይልም ካልሽ አንቺ ምን ፈርተሽ ነው የምትሸሺው?»

«እርስዎ አልፎ አልፎ ነው ጋሼ፣ እኔ ግን ቀኑን ሙሉ ነው የማነሳው።»

መልስ አላት። ለሽማግሌ ቶሎ መልስ የሚሰጥ ልጅ ደግሞ አልወድም።

ታሪኩ ግን ከሷ ጋር ነው። ሬንትገን የተባለው ሳይንቲስት የራጁን ጨረር ያገኘው በኅዳር 1895 እ.ኤ.አ. ነበር። በጥር 1896 ኦቶ ቫልክሆፍ የተባለው ጀርመናዊ የጥርስ ሐኪም የራሱን መንጋጋ አነሳ፤ ለአንዲት ምስል 25 ደቂቃ ሳይነቃነቅ ተኝቶ። ኒው ኦርሊንስ የነበረው የጥርስ ሐኪም ኤድመንድ ኬልስ ደግሞ መሣሪያውን በገዛ እጁ ላይ እየሞከረ ስንቱን በሽተኛ ሲያነሳ ኖሮ፣ መጀመሪያ ጣቶቹን፣ በኋላም ክንዱን በካንሰር አጣ። ልጅቷ ግድግዳ ጀርባ የምትቆመው የእነዚህን ሰዎች ዕዳ አይታ ነው። ይህን ለልጄ ብነግራት «እንግዲያ አባዬ፣ አንተ ሴኮንድ ለማትሞላ ነገር ምን ያነጫንጭሃል?» አለችኝ። ቫልክሆፍ ወዶ ነው የተኛው፤ እኔ ቀጠሮ ተይዞልኝ ነው!

ፓኖራሚክማ ራሱን የቻለ ጣጣ ነው። አቁመው አገጬን ያስደግፉኛል፣ እንጨት የምታህል ነገር ያስነክሱኛል፣ ምላስህን ከላንቃህ አጣብቅ ይሉኛል፤ መሣሪያው ጭንቅላቴን ይዞራል። ከዚያ በፊት መነጽር ይወልቃል፣ ሰው ሠራሹ ጥርስ ይወልቃል። ልጅቷ አንገቴን አየት አድርጋ «ጋሼ፣ ማተብዎን...» ስትል ፊቴን አይታ አልጨረሰችውም። ተደራደርን። ብረት ነው ምስሉን የሚያበላሸው ስትለኝ የብሩን መስቀል ከክሩ ፈትቼ ሰጠኋት፤ ክሩ ካንገቴ አልወረደም። ፓኖራሚኩ ለመንጋጋና ለኋላ ጥርስ ይጠቅማል ይላሉ። ሰው ሠራሽ ጥርስ አጥንት ላይ ሊተክሉ ሲሆን ደግሞ ኮን ቢም ሲቲ የሚባለውን ያመጣሉ፤ ከጥርስ ራጆች ሁሉ በጨረር የሚበልጠው እሱ ስለሆነ ሳይቸግር አይነሱትም።

ደረቴ ላይ ይጭኑት የነበረው የእርሳስ ሽርጥስ? ሲከብደኝ፣ ሲያንገሸግሸኝ ኖረ። በ2024 የአሜሪካ የጥርስ ሐኪሞች ማኅበር፣ የዛሬ መሣሪያ ጨረሩን በሚነሳው ቦታ ላይ ብቻ ስለሚያሳርፈው ሽርጡም የአንገት መከላከያውም አያስፈልግም፣ እንዲያውም ምስሉን ጋርዶ ድጋሚ ያስነሳል አለ። አነሱልኝ። ይኸው አሁን ደረቴን ይበርደኛል።

ጨረሩስ እሺ፤ በዛሬው ዲጂታል መሣሪያ የሚነሱ አራት ባይትዊንጎች፣ ሰው ቤቱ ቁጭ ብሎ በአንድ ቀን ከአፈሩና ከሰማዩ ከሚያገኘው ብዙም አይርቁም። የኔ ጠብ ከድግግሞሹ ጋር ነው። ይኸው ማኅበር በ2012 ከመንግሥቱ የምግብና የመድኃኒት ተቆጣጣሪ ጋር ሆኖ ያወጣውን መመሪያ የልጅ ልጄ አነበበልኝ። ምን ቢል ጥሩ ነው? መጀመሪያ ታሪኩን ጠይቁ፣ አፉን እዩ፣ ከዚያ ራጅ ያስፈልገው እንደሆነ ወስኑ! እኔ ስል የኖርኩትን ነው በእንግሊዝኛ የጻፉት።

በዚያ መመሪያ መሠረት የተቦረቦረ ጥርስ ለሌለውና ለዚያም ብዙ ላልተጋለጠ አዋቂ ባይትዊንግ በየ24 እስከ 36 ወሩ ነው። ቡርቦራ ያለው ወይም የሚያሰጋው፣ ለምሳሌ መድኃኒት አፉን ያደረቀበት ሰው፣ በየ6 እስከ 18 ወሩ። የሚያሰጋው ሕፃን በየ6 እስከ 12 ወሩ፤ የወተት ጥርስ ሽፋኑ ስስ ነው፣ ቡርቦራው ይፈጥናል። ለፉል ማውዝ ግን የቀን መቁጠሪያ አልተቆረጠለትም፤ ሲያስፈልግ ብቻ ነው።

ታዲያ «በየዓመቱ» የምትለው ከየት መጣች? ከኢንሹራንስ! ብዙዎቹ ባይትዊንግ በዓመት አንዴ፣ ፉል ማውዝ ከ3 እስከ 5 ዓመት አንዴ ይከፍላሉ። ይሄ እነሱ የሚከፍሉበት ቀን ነው እንጂ ጥርሴ የሚበሰብስበት ቀን አይደለም። ልጄ ኢንሹራንስ ቀይራ ክሊኒክ ስንቀይር ደግሞ አዲሶቹ እንደገና ከሀ ሊጀምሩ ሲሉ «የድሮውን አስልኩ!» ብዬ ወንበሩን ሙጥኝ አልኩ። አስላኩት። ቡናዬ ሳይፈላ የሚደርስ ነገር ነው።

አዲሷ ሐኪም የተላከውን አየች፤ ከዚያ አፌን ከፍታ፣ በመስታወቷ እያንዳንዷን ጥርስ ዞረች። ስትጨርስ «አባቴ፣ አዲስ ቡርቦራ የለም፣ ድድዎም ደህና ነው። ዘንድሮ ራጅ አያስፈልግዎትም፣ ከሁለት ዓመት በኋላ እናየዋለን» ብላ ሸኘችኝ።

ከሁለት ዓመት በኋላ! ዕድሜዬን አስልታ ይሆን? ተስፋ ቆርጣብኝ ይሆን? ኢንሹራንሱስ የሚከፍልልኝን የዘንድሮ ራጅ ለማን ልተውለት ነው? ነገ ደውዬ እጠይቃቸዋለሁ፤ መብቴ ነው!