ከሁለት በኋላ ዝም

የአሜሪካው ቫልቭ ጌም መሥራት ያውቅበታል፤ መቁጠር ላይ ግን ሁለት ሲደርስ ይደክመዋል። ፖርታል 2፣ ሌፍት ፎር ዴድ 2፣ ቲም ፎርትረስ 2፤ ከዚያ ዝም። በስቲም ገበያው የሌሎችን ጌም እየሸጠ እስከ 30 በመቶ ሲያነሳ ግን ድካም የሚባል ነገር የለም።

የዚሁ የቫልቭ ጌም፣ የሃፍ-ላይፍ ወዳጆችን እንባ ማን ያብስ? በ2007 እ.ኤ.አ. ሠሪዎቹ በታሪኩ ውስጥ አባትን በልጁ ፊት አስገድለው መጋረጃውን ጣሉት። በ2020 በመጣው «ሃፍ-ላይፍ፦ አሊክስ» ሟቹን አስነሡት፤ ታሪኩ ግን ንቅንቅ አላለም። ጀግናው ጎርደን ፍሪማን የብረት መፈልቀቂያውን ይዞ እንደተገተረ ነው። ደግነቱ በጌሙ ውስጥ አንድም ቃል ተናግሮ አያውቅም፤ አፍ ቢኖረው ይሄኔ ስንቱን ባሰማን።

ወዳጆቹ ኩባንያው ባነጠሰ ቁጥር «ሦስተኛው መጣ!» ይላሉ። ሲመሽ ደግሞ ሌላ ጭንቀት ይነሣል፦ መጥቶ መናኛ ቢሆንስ? ዱክ ኑከም ፎርኤቨር የተባለው ጌም ከ1997 እስከ 2011 አስጠብቆ ምን ይዞ እንደመጣ አይተዋል። እናም ጠዋት «ቶሎ ይምጣ» ብለው የተሳሉት፣ ማታ «ኧረ ትንሽ ይቆይ» እያሉ ስለታቸውን ያራዝማሉ።