የቅዳሜው ጋሪ

በድሮ ዘመን ከጮቄ ተራራ ግርጌ አንድ የእንስሳት መንደር ነበረ። ገበያው ከወንዝ ማዶ ስለሆነ በእግር የሄደ ሲደርስ ይበተንበታል። በቅሎ ይህን አይታ ባለ 12 መቀመጫ ጋሪ መጎተት ጀመረች። ረዳቷ ጦጢት ነበረች።

ቅዳሜ ገና ሳይነጋ ጦጢት ከኋላ ተንጠልጥላ «ገበያ! ገበያ! አንድ የቀረው!» ትላለች። አንዱ ይገባል፤ አሁንም አንድ ይቀረዋል። እንዲህ እንዲህ እያለ 30 ይሞላል። በግ ፍየል ጭን ላይ፣ ፍየል በግ ጀርባ ላይ ይደራረባሉ። ዶሮ መቀመጫ ሥር ገብታ ሙሉ ሒሳብ ትከፍላለች። ታሪፉ አንድ ቁና ገብስ ነው፤ ጦጢት ሁለት ትቀበላለች፤ የበዓል ሰሞን ደግሞ ሦስት። «መልስ» ያለ «ካልተስማማህ ውረድ» ይባላል።

ድልድዩ አፋፍ ላይ ኬላ ነበረ፤ ጠባቂው አያ ጅቦ። ጋሪው ሲቃረብ ጦጢት «ትርፎች፣ ጎንበስ!» ትላለች። ጎንበስ ማለት ያቃተው አህያ ወርዶ፣ በጓሮ ዞሮ ማዶ ይጠብቃል። አያ ጅቦ የቀና አንገት ብቻ ይቆጥራል፤ 12 ይሆንለታል። ቁና ገብስም ይሰጠዋል። ጅብ ገብስ አይበላም፤ የተሰጠውን ግን አይመልስም።

አንድ ቅዳሜ ጋሪው ቁልቁለቱ ላይ ተገልብጦ የእመት ፍየል ቀንድ ተሰበረ። መንደሩ አያ አንበሶ ዘንድ ሄዶ አቤት አለ። አያ አንበሶም ሦስት ቀን ሸንጎ ተቀምጦ «አገልግሎቱ ይሻሻል» ሲል ፈረደ። ጋሪው አረንጓዴ ቀለም ተቀባ።

ቀጥሎ በድንጋይ የታጠረ መናኸሪያ ተሠራ፤ ከመናኸሪያ ውጭ መጫንም ተከለከለ። ሰፊ ሜዳ የተገኘው ገበያው አጠገብ ስለነበር መናኸሪያው እዚያው ሆነ። ስለዚህ ወደ ገበያ የሚወስደውን ጋሪ ለመሳፈር መጀመሪያ ገበያ መድረስ ያስፈልግ ነበር። እመት ፍየል «ታዲያ ከደረስኩ በኋላ ጋሪው ምን ሊያደርግልኝ ነው?» ብላ ጠየቀች። «ተራሽን ጠብቂ» አሏት።

ከዚያ ትርፍ ጭነት የሚከላከሉ ተቆጣጣሪዎች ተሾሙ። ዝንጀሮ ተሳፋሪ ይቆጥራል፤ ቀበሮ ታሪፍ ታያለች፤ ከርከሮ ዝንጀሮንና ቀበሮን ይቆጣጠራል። ከርከሮንም የሚቆጣጠር ያስፈልግ ነበር። ሥራቸው ጋሪው ላይ ስለሆነ ሁሉም መቀመጫ ያዙ፤ 12 ሲሞሉ ሹመቱ ቆመ። አያ ጅቦ ሲቆጥር ልክ 12 አገኘ፤ ጎንበስ ያለም አልነበረም። «ትርፍ የለም፤ ቅሬታም የለም» ተብሎ ለአያ አንበሶ ሪፖርት ተላከ። ቅሬታ ማቅረብ የሚችለው ቲኬት የቆረጠ ተሳፋሪ ብቻ ነበርና።

ሐምሌ ላይ መንገዱ ጭቃ ሆነና ጋሪው ከመናኸሪያው መውጣት አቃተው። በቅሎ ተፈታ ወደ ግጦሽ ሄደች። ተቆጣጣሪዎቹ ግን ቅዳሜ ቅዳሜ እየመጡ፣ በየመቀመጫቸው ውለው ማታ ይወርዳሉ። በእግር ለሚሄዱትም አዲስ ትእዛዝ ወጣ፤ በኮቴያቸው መንገድ ስለሚያፈርሱ ኬላው ላይ አንድ አንድ ቁና ይክፈሉ ተባለ። ሰብሳቢ ሆና የተቀጠረችው ጦጢት ናት፤ ሁለት ሁለት ትቀበላለች።