ጋሽ ፓስወርድ፦ በቀብራቸው ዕለት የተነበበ የሕይወት ታሪክ

ክቡራን ለቀስተኞች፣ ወንበር ያላገኛችሁም በቆማችሁበት ስሙኝ፤ አላንዛዛም። የሰው ፔጅ፣ የሰው ቻናል፣ የሰው ሱቅ በጉግል ካርታ ላይ እያስተዳደርን እንጀራ የምንበላ ሁሉ ዛሬ የተሰበሰብነው ጋሽ የጋራ ፓስወርድን ለመሸኘት ነው። ሟችን የማያውቅ እዚህ የለም። ባለሱቁ በቴሌግራም ይልክልናል፣ እኛ ለዲዛይነሩ እናስተላልፋቸዋለን፣ ዲዛይነሩ ለቪዲዮ ኤዲተሩ፤ ኤዲተሩ ደግሞ ለማን እንደሰጣቸው ፈጣሪና እሱ ያውቃሉ። የደረሱበት ደጅ ሁሉ ይከፈትላቸው ነበር። እንደ ልማዳችን የሕይወት ታሪካቸውን ላንብብ።

ጋሽ ፓስወርድ ከአባታቸው ከዶክተር ፈርናንዶ ኮርባቶና ከእናታቸው ከወይዘሮ ሲቲኤስኤስ፣ በአሜሪካ ማሳቹሴትስ፣ ኤምአይቲ በተባለው የቴክኖሎጂ ተቋም፣ እ.ኤ.አ. በ1960ዎቹ መባቻ ተወለዱ። እናትየው አንድን ግዙፍ ኮምፒውተር ብዙ ሰው ባንድ ጊዜ እንዲሠራበት የምታደርግ ሥርዓት ነበረች። መሣሪያው የጋራ በመሆኑ የየሰዉን ፋይል ለየብቻ የሚጠብቅ አስፈለገ፤ ሟችም ለዚሁ ተወለዱ። እንግዲህ ልብ በሉ፦ ሰውዬው የተፈጠሩት የእኔ የእኔ፣ የእገሌም የእገሌ ሆኖ እንዲቀር ነው። የጋራ ያደረግናቸው እኛ ነን።

ገና ጨቅላ ሳሉ፣ በ1962፣ የመጀመሪያው መከራ ደረሰባቸው። አለን ሸር የተባለ የዶክትሬት ተማሪ በኮምፒውተሩ ላይ የተመደበለት ሰዓት አልበቃው ቢል፣ የሁሉንም ሰው ፓስወርድ የያዘው ፋይል እንዲታተምለት አዘዘ። ታተመለት። ከዚያ በሌላው ሰው ስም እየገባ ሥራውን ቀጠለ። ይህን የማነሳው ለሐሜት አይደለም፤ «ድሮ ሰላም ነበር፣ ይሄ ሁሉ ኮድ ከየት መጣብን?» እያላችሁ ደረት የምትመቱ ስላላችሁ ነው። ድሮም ሰላም አልነበረም።

ዕድሜያቸው ለትምህርት ሲደርስ አንድ ትልቅ ፊደል፣ አንድ ቁጥርና አንድ ምልክት እንዲይዙ፣ በየጊዜውም እንዲለወጡ ታዘዙ። ይህን ሥርዓተ ትምህርት እ.ኤ.አ. በ2003 የቀረፁት የአሜሪካ የደረጃዎች ተቋም ባለሙያ ቢል በር፣ ጡረታ ከወጡ በኋላ በ2017 መጸጸታቸውን ለጋዜጣ ተናግረዋል። ሟች በበኩላቸው ከትምህርቱ የቀሰሙት የሱቁን ስም በትልቅ ፊደል ጀምሮ በ123 መጨረስን ነው። ተለወጡ ሲባሉ 124 ይሆናሉ።

ወደ አገራችን ሲመጡ ያረፉት ስልክ ቤት ነው። ስልክ የገዛ ሰው ኢሜይሉን የሚከፍትለት ስልኩን የሸጠለት ልጅ መሆኑን ታውቃላችሁ። ልጁ ደግሞ ወረፋ አለበት። የትውልድ ቀን ሲጠየቅ ጃንዋሪ 1 ቀን 1990 ብሎ ይሞላል፤ ገዢው ግን የልጅ ልጅ ያዩ ሰው ናቸው። ፓስወርዱን የገዢውን ስልክ ቁጥር ያደርገዋል። መለያው ቢጠፋ መመለሻ የሚሆን ቁጥር ሲጠየቅ የራሱን ያስገባል። በዚያ ኢሜይል ፔጅ ይከፈታል፣ በፔጁ ዕቃ ይሸጣል፣ ተከታይ ይጎርፋል፣ ንግዱም ይደረጃል። ኢሜይሉን ግን ማንም ዳግመኛ አይከፍተውም። የአንድ ሱቅ ገበያ በሙሉ፣ ዛሬ የት እንዳለ በማይታወቅ የስልክ ሻጭ ሲም ካርድ ላይ ቆሞ ይኖራል።

ሕመማቸው ረጅም ነበር። እ.ኤ.አ. በ2004 ቢል ጌትስ ሳን ፍራንሲስኮ ውስጥ በተደረገ የደኅንነት ጉባኤ ላይ ሰውዬው እየተዳከሙ እንደሚሄዱ ተንብየው ነበር። እሳቸው ግን ትንቢቱን ንቀው ቆሙ። በ2011 ጉግል ባለሁለት ደረጃ ማረጋገጫን ለሁሉም ተጠቃሚ ሲከፍት አልጋ ያዙ። አባታቸው ኮርባቶ እንኳ በእርጅናቸው፣ ልጃቸው በኢንተርኔት ዘመን ቅዠት እንደሆነ ተናግረው ነው በ2019 ያረፉት። በ2022 አፕል፣ ጉግልና ማይክሮሶፍት ፓስኪ የተባለውን፣ በጣት አሻራ ወይም በፊት የሚከፈተውን ብላቴና ተባብረው ሊያሳድጉ ሲስማሙ ለሟች ቤተሰብ ተስፋ የሰጠ ሐኪም አልነበረም።

ያረፉት በአንድ የበዓል ዋዜማ ማታ፣ በእኔው ፊት ነው። መርካቶ የባህል ልብስ የሚሸጡ ሽማግሌ ደንበኛ አሉ። በፔጃቸው ላይ የ15,000 ብር ቀሚስ በ1,500 ተለጥፏል፤ አንዲት ዜሮ ወድቃለች። ለማረም በአዲስ ላፕቶፕ ስገባ ፓስወርዱን ተቀበለኝ፣ ቀጥሎም ባለቤትነቴን ላረጋግጥ ብሎ ኮድ ወደ ሰውዬው ስልክ ላከ። ደወልኩ።

«ጋሼ፣ ስልክዎ ላይ ኮድ ገብቷል?»

«የምን ኮድ ነው ልጄ?»

«በመልእክት የሚመጣ፣ ስድስት ቁጥር ነው።»

«ቆይ መነጽሬን ላድርግ... ‹ውድ ደንበኛችን፣ ጥቅልዎ ሊያበቃ› ይላል።»

«እሱ አይደለም ጋሼ፣ ከሱ በላይ ያለው።»

«እህ፣ አየሁት። ግን ባለፈው አንዱ ሎተሪ ደርሶዎታል ብሎ ኮድ ሲጠይቀኝ፣ ልጄ ለማንም እንዳትሰጥ ብላኛለች።»

«ልክ ብላለች። እኔ ግን ፔጁን የምሠራልዎ ልጅ ነኝ።»

«እሱም እንደዚያው ነው ያለኝ።»

ለዚህ መልስ የነበረው እዚህ መሐል ካለ እጁን ያውጣ። ሽማግሌው ትክክል ነበሩ፤ የተማረውን የደኅንነት ቡድን ሁሉ ያስንቃሉ። እስኪያምኑኝ ድረስ ኮዱ ጊዜው አለፈበት። ሁለተኛው ሲመጣ ስድስቱን ዘጠኝ ብለው አነበቡት። ከዚያ «ሙከራዎ በዝቷል፣ ቆይተው ይሞክሩ» ተባለና በሩ ተዘጋ። ቀሚሱ በ1,500 ብር አደረ፤ ጠዋት ሱቁ በር ላይ ሰልፍ ነበር። ስለ ሟች ግን አንድ እውነት ልመስክር፦ በዚያች ሌሊት አልተሳሳቱም። ፊደላቸው ሁሉ በቦታው ነበር። ትክክል ሆነው ሞቱ።

ከባሕር ማዶም ለቅሶ የደረሱ አሉ። ሲልቨር ስፕሪንግ ምግብ ቤት ከፍታ ፔጇን አዲስ አበባ ባለ የአክስቷ ልጅ የምታሠራ ሁሉ ኀዘኑ የሷም ነው። እሷ ከሜሪላንድ በገባች በሰዓቷ ልጁ ከቦሌ ሲገባ፣ ማሽኑ አንድ ሰው በአንድ ሰዓት ውስጥ ውቅያኖስ ተሻገረ ብሎ ይደነግጣል። ባይደነግጥ ነው የሚገርመው። ኮዱ ወደ እሷ ይላካል፤ በእኛ ረፋድ አራት ሰዓት ለሷ ከሌሊቱ ስምንት ወይም ዘጠኝ ነው። በዚያ ሰዓት ተነስቶ ስድስት ቁጥር የሚያነብ ዘመድ ካላችሁ ያኑርላችሁ።

ሟች ወራሽ አላቸው ወይ ለምትሉ፣ አላቸው። ያውም አዋቂ ወራሽ። መኪናውን እንዲሸጥለት የሚልከውን ሰው ማንም መታወቂያውን አስይዞ «እኔን ሁን» አይለውም፤ ውልና ማስረጃ ወስዶ ውክልና ይሰጠዋል። ወራሹ ይኸው ውክልና ነው። ፌስቡክ ለንግድ ድርጅቶች የማስተዳደሪያ ቤት ያበጀው እ.ኤ.አ. በ2014 ነው፤ ባለቤቱ ሠራተኛውን በሠራተኛው በራሱ መለያ ያስገባዋል። ጉግል ላይ የሱቁ ባለቤት በኢሜይል ማናጀር ይጋብዛል፤ ማናጀሩ ፎቶና ሰዓት ይቀይራል፣ ሰው መጨመርና ማባረር ግን አይችልም። ቴሌግራም ላይ አድሚን ሲሾም መለጠፍ ብቻ፣ ማጥፋት ጭምር ተብሎ እየተመረጠ ይሰጠዋል፤ ቻናሉን ለሌላ ለማውረስ የፈለገ ባለቤት ደግሞ ባለሁለት ደረጃ ማረጋገጫውን ካበራ ቢያንስ ሰባት ቀን ሊሞላው ይገባል። በዚህ ሁሉ ውስጥ የማንም ፓስወርድ ከማንም እጅ አይገባም፣ በሌሊት የሚቀሰቀስም ሽማግሌ የለም። ሠራተኛው ሲለቅ ስሙን መሰረዝ ነው።

ታዲያ ይህን ወራሽ ለምን ደበቅነው? አንዱ ምክንያት ስንፍና ነው፤ ውክልናው ባለሱቁን አስቀምጦ የራሱን ኢሜይል መክፈትን ይጠይቃል፣ ያ ደግሞ ከሰዓት በኋላን ይፈጃል። ሌላው ምክንያት ግን እዚህ ከፊት ወንበር ተቀምጦ ከሁላችን በላይ እያለቀሰ ነው። የደንበኛውን ፔጅ በራሱ ስም የከፈተ፣ ክፍያ ሲዘገይ ቁልፉን የሚለውጥ ባለሙያ። እሱ የሚያለቅሰው ለጋሽ ፓስወርድ አይደለም፤ ለመያዣው ነው። ስሙን አልጠራም፤ ራሱን ያውቃል። እንዲህ ያለውን ሰው አገልግሎት ሰጪ ማለት አይገባም፤ የሰው ንብረት ያገተ ሰው ነው።

ነፍስ ይማር። ንፍሮው ከመቅረቡ በፊት ለባለሱቆች አንዲት ማሳሰቢያ። ጉግል አሥር የመጠባበቂያ ኮዶች ይሰጣል፣ እያንዳንዱ አንድ ጊዜ ብቻ ይሠራል፤ አሳትማችሁ ከንግድ ፈቃዳችሁ ጋር አስቀምጡ። ከዚያ በፊት ግን ዛሬ ማታ ፔጃችሁ የተከፈተበትን ኢሜይል ቅንብር ከፍታችሁ የተመዘገበው ስልክ የማን እንደሆነ እዩ። ዱባይ የሄደ የስልክ ቤት ልጅ ቁጥር ከሆነ፣ ሲም ካርዱን ሳይጥለው ዛሬውኑ ደውሉለት።