ይድረስ ለመርከብ «አባይ 2»

ቁጥር፦ እንደተለመደው በኋላ ይሞላል
ጉዳዩ፦ ስም ስለመዋስ

ባሕር ዳር የምኖር ትራንዚተር ነኝ። ከቢሮዬ ተነሥቶ አባይ ከጣና እስከሚወጣበት ድረስ የእግር መንገድ ነው። አንቺ ግን ስሙን ይዘሽ፣ ከ60 ሺህ ቶን በላይ ብትን ጭነት እየተሸከምሽ፣ ቻይናን ስታውቂ ጣናን አታውቂም። አልፈርድብሽም። ስምን መልአክ ያወጣዋል፤ አባይም ማደሪያ የለው፣ ግንድ ይዞ ይዞራል።

መከራው ያለው ስልኬ ላይ ነው። የማዳበሪያ ወቅት ሲደርስ የአንድ ማኅበር ንብረት ክፍል ኃላፊ ይደውሉልኛል።

«አንተ ልጅ፣ ማዳበሪያው የት ደረሰ?»

«አባይ ላይ ነው፣ ጋሼ።»

«ተመስገን! በረሃውን እየወጣ ነው ወይስ አዲሱ ድልድይ ላይ ደረሰ?»

«ኧረ ገና ጅቡቲም አልገባ።»

ዝም አሉ። ከዚያ፦ «ጫኝና አውራጅ ጠርቼ ነበር እኮ!»

በእሳቸው አይፈረድም። በ2016 ዓ.ም. የተመረቀው ድልድያችን 380 ሜትር ነው፤ መርከብ ቢያልፍበት ማን ይገረማል? የአገራችን መርከቦች የምዝገባ ወደብ አዲስ አበባ አይደል? እንጦጦ ሥር መርከብ ከታሰረ፣ እኛ ቢያንስ ማዕበል አለን።

ወደብም አላጣንም። ክረምት በገባ ቁጥር ሩዙ ውሃ ውስጥ በሚቆምበት በፎገራ፣ ወረታ ላይ፣ «ደረቅ» ወደብ ተሠርቶልናል። ውሃው ባለበት በባሕር ዳር ግን ከዘጌ ማገዶ የጫነች ታንኳ ትመጣለች። ባለቤቷ እንጨቱን ያወርዳል፣ ውሃ የጠጣውን ደንገል ጎትቶ ዳር ላይ ያቆመዋል፣ ፀሐይ ታደርቀዋለች። ዲክላራሲዮን የለ፣ ዲሜሬጅ የለ፣ «ሲስተም የለም» የሚል የለ። ቀናሁበት።

ዘመድሽን ጣናነሽ 2ን ሳትሰሚ አትቀሪም። ለጣና የተገዛች ጀልባ ናት፤ ከጅቡቲ የተነሣችው ግን መኪና ላይ ተጭና ነው። የሐይቋ ጀልባ በረሃ ስታቋርጥ፣ የወንዙ ስም ያላት መርከብ ወንዙን አላየችውም። እኔን የቆጨኝ ግን ትራንዚቷን አለመሥራቴ ነው።

ወደ 1,800 ሜትር ከፍታ ውጪልን አልልም። የማዳበሪያ ወቅት እስኪያልፍ ብቻ ሌላ ስም ተዋሺ። ተከዜ አይሆንም፤ ጎንደርም ደንበኛ አለኝ። ቀይ ባሕርም አትበዪ፤ እሱ ፖለቲካ ነው።

ከሰላምታ ጋር

ግልባጭ፦
ለጣና ጉማሬዎች፣ ምናልባት ከመጣሽ መንገድ እንዲለቁ